ለልጅዎ አደገኛው ማደንዘዣ ሁሉ አይደለም

ጥያቄው ከአንዲት እናት ነው የመጣው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ልጄ 6 ዓመቱ ነው። ዘግይቶ ነው በእግሩ መሄድ የጀመረው። ዛሬም ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱን በእጁ እየገፋ ነው። ተመርምሮ ‹ሴንትራል ኮር› የሚባል በዘር የሚተላለፍ የጡንቻ ሕመም ነው ተባልን። አሁን የግራ እግሩ እየተጣመመ ስለሆነ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል። ሐኪሙ ግን ‹ለእሱ ማደንዘዣ አደገኛ ነው› ብሎ አስደንግጦናል። ወንድሜ በ9 ዓመቱ ቶንሲሉን ሊያስወጣ ገብቶ በዚያው ቀረ። ያኔ ‹ልቡ ደካማ ነበር› ነው የተባልነው። እኔ ደግሞ ትርፍ አንጀት በሙሉ ማደንዘዣ ተሠርቼ ምንም አልሆንኩም። ታዲያ ይሄ ነገር ከእኔ ነው የመጣው? ልጄ ከእንግዲህ ኦፕራሲዮን አይደረግለትም ማለት ነው? ጥርሱን ቢታመምስ? ኳስ ቢጫወትስ? ትኩሳት በያዘው ቁጥር ሌሊቱን አጠገቡ ተቀምጬ ነው የማነጋው።»

እኔ የሰመመን ሐኪም ነኝ። ሥራዬ ሰው አስተኝቶ በሰላም ማስነሳት ነው። ስለዚህ ጥያቄዎ በቀጥታ እኔን ይመለከታል።

በቅድሚያ እንቅልፍ የነሳዎትን ልመልስ። ልጅዎ ኦፕራሲዮን መሆን ይችላል። ተኝቶ፣ ሕመም ሳይሰማው፣ ምንም ሳያስታውስ። ሐኪሙ የነገረዎት እውነት ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገረዎት። ለልጅዎ አደገኛ የሆነው ማደንዘዣ በሙሉ አይደለም። ከማደንዘዣ መድኃኒቶች ውስጥ ጥቂቶቹ ናቸው። በስም እናውቃቸዋለን። በሌላ መተካትም እንችላለን። ይሄን ቀሪ ግማሽ ሳይሰማ ወደ ቤቱ የሚመለስ ቤተሰብ ወይ ከሕክምና ይሸሻል፣ ወይ ፈርቶ ዝም ይላል። ሁለቱም ያሳስበኛል። ዝምታው ግን ይብሳል።

አደጋው ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ ይባላል። ስሙ ረጅም ስለሆነ እኛ እርስ በርሳችን ስናወራ ‹ኤምኤች› እንለዋለን። ምን እንደሆነ ልንገርዎት፤ ነገሩ ሲገባዎት ፍርሃቱ መልክ ይይዛል።

ጡንቻ የሚኮማተረው ካልሲየም ሲያገኝ ነው። ካልሲየሙ በጡንቻው ሴል ውስጥ፣ በተዘጋ ቋት ተከማችቶ ይጠብቃል። ከአንጎል ትዕዛዝ ሲመጣ የቋቱ በር ይከፈታል። ካልሲየሙ ይወጣል፣ ጡንቻው ይኮማተራል። ከዚያ በሩ ይዘጋል፣ ካልሲየሙ ወደ ቋቱ ይመለሳል፣ ጡንቻው ይላላል። ሁሉም ነገር ዓይን እስኪርገበገብ ያልቃል። የዚህ በር ስም ራያኖዲን ሪሴፕተር ነው። በሩን የሚሠራው ጂን ደግሞ አር-ዋይ-አር-1 ይባላል፤ 19ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው ያለው። ሴንትራል ኮር ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ላይ ችግር ያለበት ይሄው ጂን ነው። ልጅዎ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱን የሚገፋውም፣ ማደንዘዣ የሚያሰጋውም በአንድ በር ምክንያት ነው።

በሩ ችግር ያለበት ሰው በአዘቦት ቀን ብዙም ላይታወቀው ይችላል። የተወሰኑ መድኃኒቶች ሲነኩት ግን በሩ ተከፍቶ ይቀራል። ካልሲየሙ ያለማቋረጥ ይፈሳል። ሰውየው ተኝቶ ሳለ የሰውነቱ ጡንቻ ሁሉ ዳገት እንደሚሮጥ ሰው ይሠራል። ኦክስጅን ይጨርሳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ አሲድና ሙቀት ያመርታል። ጉልበቱ ሲሟጠጥ የሴሎቹ ግድግዳ መያዝ ያቅተዋል። ውስጣቸው የነበረው ፖታሲየም ወደ ደም ይገባል፤ ልብን የሚያቆመው በአብዛኛው እሱ ነው። ማዮግሎቢን የሚባለው የጡንቻ ፕሮቲን ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል።

ስለ ወንድምዎ የጻፉት ላይ ስደርስ ቆም ያልኩት ለዚህ ነው። በዚህ ችግር ልብ የሚቆመው መጨረሻ ላይ ነው። መጨረሻውን ብቻ ያየ ሰው ‹ልቡ ነው› ይላል። ከሩቅ ሆኜ ስለ ወንድምዎ አሟሟት መፍረድ አልችልም። ነገር ግን አሁን በልጅዎ ላይ ከተገኘው ጋር ሲገናኝ፣ የዚያ ልጅ ልብ ጤነኛ የነበረ ሊሆን ይችላል። ይሄን መስማት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ለእናትዎና ለአባትዎ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ያኔ ማንም አልደበቃችሁ ይሆናል፤ የነበሩትም ሐኪሞች የሚያዩት ነገር ስሙን አላወቁት ይሆናል።

ወደ መድኃኒቶቹ ልምጣ። በሩን የሚከፍቱት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በትንፋሽ የሚሰጠው የሰመመን ጋዝ ነው፦ ሃሎቴን፣ አይሶፍሉሬን፣ ሴቮፍሉሬን፣ ዴስፍሉሬን። ድሮ ይሰጥ የነበረው ኢተርም ከዚሁ ነው። ሁለተኛው ሳክሲኒልኮሊን የሚባል ጡንቻ የሚያላላ መርፌ ነው። ሳክሳሜቶኒየምም ይባላል፤ በኦፕራሲዮን ክፍል ብዙዎች በአጭሩ ‹ሳክስ› ይሉታል። የመተንፈሻ ቱቦ ቶሎ ማስገባት ሲያስፈልግ የሚወጋ ነው። አበቃ። ዝርዝሩ ይሄው ነው።

ከዚህ ውጪ ያለው የማደንዘዣ መድኃኒት ከዚህ አደጋ ነፃ ነው። ፕሮፖፎል፣ ኬታሚን፣ ቲዮፔንታል፣ ሚዳዞላም፣ ዳያዜፓም፣ ሞርፊን፣ ፌንታኒል ይቻላል። ሮኩሮኒየም፣ ቬኩሮኒየምና አትራኩሪየም ጡንቻ የሚያላሉ ቢሆኑም በሩን አይነኩም። ናይትረስ ኦክሳይድ ጋዝ ቢሆንም አይከለከልም። ሊዶካይንና ቡፒቫኬይን፣ ማለትም አንድን ቦታ ብቻ የሚያደነዝዙት፣ በፍጹም ችግር የለባቸውም። ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው የጀርባ መርፌም እንዲሁ። የጥርስ ጥያቄዎ እዚህ ጋ ተመለሰ፦ የጥርስ ሐኪም የሚወጋው ማደንዘዣ ለልጅዎ ደህና ነው፤ አድሬናሊን ቢቀላቀልበትም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ‹ጋዝ ሰጥተን እናስተኛው› ያሉ እንደሆነ ነው።

አሁን አንድ ቀን ያየሁትን ልንገርዎት። ለማስፈራራት አይደለም። ዝምታው ይበልጥ ያሳስበኛል ያልኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለሆነ ነው።

ከዓመታት በፊት ነው። አንድ ጎረምሳ ክንዱ ተሰብሮ መጣ። ጠንካራ፣ ስፖርት የሚሠራ፣ አንድም ቀን ታምሞ የማያውቅ። ቅጹ ላይ ‹አለርጂ አለብህ?› ይላል። ‹የለብኝም› ብሎ መለሰ። እኔም ከዚያ አልፌ አልጠየቅኩትም። ሳክስ ወጋሁት። አፉን ከፍቼ ቱቦውን ላስገባ ስል መንጋጋው እንቢ አለኝ። ጡንቻው መላላት ሲገባው እንደ እንጨት ደርቋል። እንደምንም ቱቦው ገባ። ጋዙን ከፈትኩ። ጥቂት ቆይቶ በሚያወጣው ትንፋሽ ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቁጥር መውጣት ጀመረ። 40 የነበረው 48 ሆነ። ማሽኑን አፈጠንኩት። 61 ሆነ። ልቡ በደቂቃ 150 ይመታል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚመጥጠውን የኖራ ማጣሪያ በእጄ ስነካው ያቃጥላል። ቴርሞሜትሩ ግን ገና 37.4 ነው የሚለው። ስሙ ‹ሃይፐርተርሚያ› ስለሆነ ሰው መጀመሪያ ትኩሳት ይጠብቃል። ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ከመጣ በኋላ ግን በየጥቂት ደቂቃው አንድ ዲግሪ ሊጨምር ይችላል።

ጋዙን ዘጋሁ። ንጹህ ኦክስጅን በከፍተኛ ፍጥነት ለቀቅን። የቀዶ ሐኪሙ ሥራውን አቋረጠ። ዳንትሮሊን መጣ። ይሄ ለበሽታው ያለው አንድ መድኃኒት ነው። ተከፍቶ የቀረውን በር የሚያዘጋው እሱ ነው። ብልቃጡ ውስጥ ብርቱካንማ ዱቄት አለ። እያንዳንዱ ብልቃጥ 20 ሚሊግራም ነው፤ በ60 ሚሊ ሊትር ንጹህ የመርፌ ውሃ ይበጠበጣል። የመጀመሪያው ዶዝ ለአንድ ኪሎ ክብደት 2.5 ሚሊግራም ነው። 70 ኪሎ ለሆነ ሰው 9 ብልቃጥ ማለት ነው፤ ያውም ለመጀመሪያው ዙር ብቻ። ዱቄቱ ደግሞ ቶሎ አይሟሟም። አራት ሰዎች ተደርድረው ብልቃጥ ሲንጡ ይታየኛል። አንዷ ነርስ ክንዷ እስኪዝል ስትንጥ፣ ዓይኗን ከቁጥሩ ላይ አልነቀለችም። 83 ደርሶ ነበር። ከዚያ 70 አለ። ከዚያ 55። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልተናገረም።

ልጁ ተረፈ። በማግስቱ ሽንቱ ጥቁር ሻይ ይመስል ነበር። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ቆይቶ፣ ኩላሊቱም ደህና ሆኖ ወጣ። በሦስተኛው ቀን አባቱ አጠገቤ መጥተው እንዲህ አሉኝ፦ «አጎቱም እኮ እንዲሁ ኦፕራሲዮን ላይ ነው የሞተው። የሚያገናኘው አልመሰለኝም።» አልጠየቅኳቸውም ነበር። እሳቸውም አልተናገሩም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ሰው ‹ከቤተሰብህ በማደንዘዣ የሞተ ወይም የተጎዳ አለ?› ሳልለው አስተኝቼ አላውቅም።

ይሄ በሽታ ራሱ የታወቀው በሽተኛው ስለተናገረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በአውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ከተማ፣ አንድ የ21 ዓመት ወጣት እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ገባ። ከእግሩ ይበልጥ ያስጨነቀው ማደንዘዣው ነበር። ኢተር ተሰጥቷቸው አሥር ዘመዶቹ እንደሞቱ ለሐኪሞቹ ነገራቸው። እነሱም ሰሙት። ኢተሩን ትተው ያኔ አዲስ የነበረውን ሃሎቴንን መረጡለት፤ እሱም ከዚያው ወገን እንደሆነ ማንም አያውቅም ነበር። ችግሩ ሲጀምር ግን ነቅተው ይጠብቁ ስለነበር ወዲያው አቋረጡ። በበረዶ አቀዘቀዙት። ዳነ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ኦፕራሲዮን ሲያስፈልገው በጀርባ መርፌ ተሠርቶ በሰላም ወጣ። ማይክል ዴንቦሮ የሚባለው ሐኪም የቤተሰቡን ታሪክ ከባልደረባው ከሎቬል ጋር ጻፈው። በሽታው የሕክምናውን ዓለም ትኩረት ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ዳንትሮሊን እስኪመጣ ግን ብዙ ሰው አልቋል። ከተያዙት አሥር ሰዎች ሰባቱ ወይም ስምንቱ ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 በደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን፣ ጋይስፎርድ ሃሪሰን የሚባል ሐኪም ይሄው ችግር በተፈጥሮ ባለባቸው አሳማዎች ላይ ሞክሮ መድኃኒቱ እንደሚያድን አሳየ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1979፣ አሜሪካ ለሰው በደም ሥር እንዲሰጥ ፈቀደች። ዛሬ መድኃኒቱ በእጅ ባለበትና ቶሎ በታወቀበት ቦታ፣ ከአሥር ከተያዙት የሚሞተው አንድ አይሞላም። ለዚህ ነው ቀጥዬ የምነግርዎት ጥያቄ ከባድ የሆነው። የልጅዎን ሰመመን ሐኪም እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «ዳንትሮሊን አላችሁ? የት ነው ያለው? ስንት ብልቃጥ?» ‹እናስመጣለን› መልስ አይደለም። በሌላ ሕንፃ ያለ መድኃኒት በዚያች ሰዓት እንደሌለ ይቆጠራል። ይሄን በመጠየቅዎ ቅር የሚለው ሐኪም ካለ፣ እኔ በእርስዎ በኩል ነኝ።

አሁን ስለራስዎ። ‹እኔ በሙሉ ማደንዘዣ ተሠርቼ ምንም አልሆንኩም› ብለዋል። ብዙ ሰው የሚዘናጋው በዚህ ነው። አንድ ጊዜ በሰላም መነሳት ነፃነትን አያረጋግጥም። ኤምኤች ከደረሰባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ከዚያ በፊት ተመሳሳይ ማደንዘዣ ወስደው ምንም ያልሆኑ ናቸው። በአማካይ ችግሩ የሚነሳው በሦስተኛው ላይ ነው ይባላል። በየትኛው ላይ እንደሚነሳ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ራስዎን ልክ እንደ ልጅዎ ይቁጠሩ። ነገ እርስዎ ራስዎ ድንገት ኦፕራሲዮን ቢያስፈልግዎት፣ ለልጅዎ የሚሉትን ለራስዎም ይበሉ።

ከእርስዎ ነው ወይ የመጣው? የወንድምዎ ታሪክ ስላለ ሊሆን ይችላል። እርግጡን ግን ምርመራ ነው የሚናገረው። ኤምኤች ብዙውን ጊዜ የሚተላለፈው ከአንድ ወላጅ ብቻ ነው። ወላጁ ጂኑ ካለው፣ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ወንድ ሴት አይመርጥም። ትውልድ የዘለለ የሚመስለውም ብዙ ጊዜ መካከል ላይ ያለው ሰው ጋዙን አግኝቶ ስለማያውቅ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ለውጡ በልጁ ላይ አዲስ የተፈጠረ ይሆናል። ከእርስዎ ቢሆንስ? የዓይኑን ቀለም ሲያወርሱት አልመረጡም። ይሄንንም አልመረጡም። ‹ጥፋቴ ነው› የሚለውን ሐሳብ ተሸክመው እንዳይቀሩ በእውነት እለምንዎታለሁ፤ ለልጅዎ የሚያስፈልገው ኃይልዎ እዚያ ላይ ያልቃል።

ስለ ምርመራው ባጭሩ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የደም ምርመራ ነው፤ ጂኑን ያነባል። የታወቀ ለውጥ ከተገኘ ነገሩ አለቀ፤ ሰውየው ተጋላጭ ነው። ባይገኝ ግን ‹ነፃ ነህ› ማለት አይደለም። በደም ብቻ ሁሉንም መያዝ አይቻልም፤ ካክና1ኤስ እና ስታክ3 የሚባሉ ሌሎች ጂኖችም አሉ፣ እስካሁን ያልታወቁ ለውጦችም አሉ። ሁለተኛው ከጭን ላይ ቁራጭ ጡንቻ ተቆርጦ በካፌይንና በሃሎቴን ሲነካ ምን ያህል እንደሚኮማተር የሚለካበት ነው። ጡንቻው ትኩስ መሆን ስላለበት ምርመራውን ወደሚሠራው ማዕከል ራሱ ሰውየው መሄድ አለበት። በዓለም ላይ ይሄን የሚሠሩት ጥቂት ማዕከላት ናቸው። ለትንንሽ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ደግነቱ ለልጅዎ ይሄ ሁለተኛው አያስፈልግም። ሴንትራል ኮር አለበት ከተባለ፣ ያለ ተጨማሪ ምርመራ ተጋላጭ ብለን ነው የምናስተኛው። የእሱ የጂን ውጤት ካለ ግን በደንብ ያስቀምጡት። በእርስዎና በእህት ወንድሞችዎ ደም ውስጥ ምን መፈለግ እንዳለበት የሚናገረው እሱ ነው።

የኦፕራሲዮኑ ቀን ምን ሊመስል እንደሚችል ላሳይዎት። በሌሎች ልጆች ላይ ጭምብል አድርገን በጋዝ ነው ብዙ ጊዜ የምናስተኛው፤ መርፌ ስለሚፈሩ። ለልጅዎ ያ አይሆንም። ስለዚህ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ የእጁ ጀርባ ላይ የሚያደነዝዝ ቅባት ይቀባል። መርፌው ሲገባ ብዙም አይሰማውም። ከዚያ በፊት የሚያረጋጋ ሚዳዞላም በአፍ ሊሰጠው ይችላል። ፕሮፖፎል በደም ሥሩ እየገባ ይተኛል፤ ኦፕራሲዮኑ እስኪያልቅም በዚያው ይቀጥላል። እግሩ ስለሆነ ነርቩ ላይ የሚያደነዝዝ መርፌ ቢጨመርለት ጥሩ ነው። ሲነሳ ሕመሙ ይቀልለታል፣ የሚወስደው ሞርፊንም ያንሳል። ጡንቻው ደካማ ስለሆነ ትንፋሹ ላይ ይሄ ትልቅ ጥቅም አለው።

ማሽኑ ራሱ መዘጋጀት አለበት። ጋዝ ሲያልፍበት የኖረ ማሽን በጎማዎቹና በክፍሎቹ ውስጥ ጋዝ ያስቀራል። የጋዙ መያዣዎች ይነሳሉ፣ ቱቦዎቹና ኖራው ይቀየራሉ፣ ከዚያ በኦክስጅን ይታጠባል። የቆየ ማሽን በ20 ደቂቃ ሊጸዳ ይችላል። አዳዲሶቹ ግን፣ ሰው እንደሚያስበው ሳይሆን፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅባቸው አሉ። የከሰል ማጣሪያ ካለ ጊዜውን በጣም ያሳጥረዋል። ለዚህ ነው ጠዋት የመጀመሪያው ተራ ላይ እንዲገባ የምንመርጠው። ማሽኑ ሌሊቱን ይታጠባል፣ ክፍሉም ገና ሰው አልገባበትም። ‹ማሽኑ ተዘጋጅቷል?› ብለው መጠየቅ መብትዎ ነው።

ዳንትሮሊኑ ክፍሉ ውስጥ ይሁን እንጂ ቀድሞ አይሰጠው። ድሮ ለመከላከያ ይሰጥ ነበር፤ አሁን ግን አይመከርም። ጡንቻ ያደክማል። ለደከመ ጡንቻ ደግሞ ይሄ አይጠቅምም። ጋዝና ሳክስ ሳያገኘው በሰላም ከተነሳ፣ እንደ ማንኛውም ልጅ ነው የሚጠበቀው። ትንፋሹ ደህና እስከሆነ ድረስ ለኤምኤች ብቻ ተብሎ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ማደር የለበትም። ለሕመም ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ይቻላል።

ትኩሳቱን አልረሳሁትም። ጉንፋን የሚያመጣው ትኩሳትና ኤምኤች አንድ አይደሉም። ተራ ትኩሳት ከአንጎል ነው የሚነሳው፤ ፓራሲታሞል ያወርደዋል። የኤምኤች ሙቀት ከጡንቻ ነው የሚፈልቀው፤ ፓራሲታሞል አይነካውም። ቤት ውስጥ፣ መድኃኒቶቹ በሌሉበት፣ እንዲህ ያለ ነገር መነሳቱ እጅግ ብርቅ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ አይቀመጡ። ትኩሳት ሲኖረው መድኃኒቱን ይስጡት፣ ልብሱን ያቅልሉለት፣ ውሃ ያጠጡት፣ ይተኙ። ከትኩሳቱ ጋር ሰውነቱ እንደ እንጨት ከደረቀ፣ ጡንቻው እስኪጮህ ድረስ ካመመው ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ግን ነገ አይበሉ። ያኔውኑ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ኳስ ይጫወት። ይሄን ስል አልሳሳም። የማይንቀሳቀስ ደካማ ጡንቻ ይብስ ይደክማል። ዋና ይበልጥ ይስማማዋል፤ ውሃው ክብደቱን ይሸከምለታል። ልጁ ራሱ ‹ደከመኝ› ሲል ግን የሚሰማው ሰው ይኑር። በጠራራ ፀሐይ፣ አቅሙ እስኪያልቅ፣ ‹በርታ በርታ› እየተባለ መሮጥ ነው የማይሆነው። ከተጋላጮቹ ጥቂቶቹ በከባድ ሙቀትና ልፋት ጡንቻቸው ሲጎዳ ታይቷል። ይሄን የስፖርት አስተማሪው ማወቅ አለበት። ሰነፍ ነው ብሎ እንዳይቀጣው ጭምር።

አንድ የማሳስብዎት ነገር አለ። ለማንም ሲነግሩ ‹የማደንዘዣ አለርጂ አለበት› አይበሉ። ቀላል አነጋገር ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ ይለዋል፤ አንዳንድ ሐኪምም ይጽፈዋል። ግን ያሳስታል። አለርጂ የሚለው ቃል ሰውን ወደ ሽፍታና ማሳከክ ይወስደዋል። ‹አለርጂ ለየትኛው?› ሲባሉ መልስ ከሌለዎት ወረቀቱ ላይ ‹ያልታወቀ› ተብሎ ይታለፋል። ሙሉ ስሙን ይበሉ። ደግመው ደጋግመው አፍዎ ላይ ያስለምዱት፦ ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ። ልጅዎም ሲያድግ ስሙንና አድራሻውን እንደሚያውቅ ይወቀው።

ወረቀት ይጻፉለት። ረጅም አይሁን። «ለማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ ተጋላጭ ነኝ። ሳክሲኒልኮሊንና የሚተነፈስ የሰመመን ጋዝ አይሰጠኝ። ፕሮፖፎል፣ ኬታሚን፣ ሮኩሮኒየምና ሊዶካይን ይቻላል።» ከሥሩ የምርመራው ስምና የእርስዎ ስልክ። ‹አይሰጠኝ› ብቻ ብለው አያቁሙ። ድንገተኛ ክፍል ያለው ሐኪም በሰከንድ ውስጥ ነው የሚወስነው፤ የሚቻለው ምን እንደሆነ ካላየ ይጨነቃል። አንዱ ቦርሳው ውስጥ፣ አንዱ እርስዎ ጋ፣ አንዱ ትምህርት ቤቱ ይቀመጥ። የእጅ አምባር ላይ ቢቀረጽ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ራሱን የሳተ ሰው ቦርሳው ከእሱ ጋር ላይሆን ይችላል። ሳክስ የሚወጋው ኦፕራሲዮን ክፍል ብቻ አይደለም። በድንገተኛ ክፍል፣ በአምቡላንስ፣ ለአእምሮ ሕመም በኤሌክትሪክ ሕክምና ጊዜም ይሰጣል።

ይሄን ለምታነቡ ሌሎች ወላጆችም አንድ ቃል። ልጃችሁ ዱሸን ወይም ቤከር የሚባለው የጡንቻ መሟሸሽ ካለበት፣ በሽታው ሌላ ነው፣ በሩም ሌላ ነው። ግን ሳክስና ጋዙ በእነሱም ላይ ፖታሲየም አፍስሰው ልብ ሊያቆሙ ስለሚችሉ እነዚያኑ ሁለቱን እንሸሻለን። ማዮቶኒክ ዲስትሮፊ ያለበት ሰው ደግሞ በሚያስተኙና ሕመም በሚያስታግሱ መድኃኒቶች ትንፋሹ በቀላሉ ይዳከማል፤ የልቡም ምት መታየት አለበት። ‹የጡንቻ ችግር አለበት› ማለት ስለማይበቃ የበሽታውን ስም በትክክል ያዙ።

ወደ እርስዎ ልመለስና ልጨርስ። የኦፕራሲዮኑ ቀጠሮ ሲቆረጥ፣ ከቀዶ ሐኪሙ ሌላ የሰመመን ሐኪሙን ለብቻው እንዲያገኙት ይጠይቁ። ጠዋት በር ላይ ሳይሆን ቢያንስ ከሳምንት በፊት። የወንድምዎን ታሪክ ከነዓመቱ፣ የሚያስታውሱትን ሁሉ ይንገሩት። የተሠራበት ሆስፒታል የድሮ ካርዱ ካለ ያስፈልጉት፤ ላይገኝ ይችላል፣ ግን ይሞክሩ። እናትዎ በሕይወት ካሉ ይጠይቋቸው፦ ሰውነቱ ደርቆ ነበር? በጣም ይሞቅ ነበር? እናት እንዲህ ያለውን አትረሳም።

ከዚያ ደግሞ ለእህት ወንድሞችዎና ለልጆቻቸው ይደውሉ። ነፍሰ ጡር ካለች ከእሷ ይጀምሩ፤ ለመውለድ ስትገባ ድንገት ሙሉ ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ስለሚችል። የሌላ ወንድምዎ ሚስት ከሆነችም ጭምር። እሷ ባይኖርባትም በሆዷ ያለው ልጅ ከአባቱ ወርሶት ሊሆን ይችላል። ስልኩን ሲያነሱ ምን እንደሚሉ ከጨነቀዎት፣ ይሄን ጽሑፍ ያንብቡላቸው።